የርግቧ ክንፍ ላይ የታሰረው ሽቦ

እኔ ስናደድ ሰው ይስቃል። የፊት ጥርሴ ስላለቀ ቁጣዬ በፉጨት ነው የሚወጣው። ይሳቁ፣ ግድ የለኝም። መምህር ግዛቸው በልጅ ልጄ ላይ የሠራውን ግን ካላወራሁት ይሄ ጨጓራዬ አያስተኛኝም።

ልጅቷ ኤልቤቴል ትባላለች፣ እኔ ኤልቤ ነው የምላት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነች። እናቷ ሥራዋ ሀዋሳ ስለሆነ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እዚህ ዲላ እኔ ጋ ነው ያደገችው። የሰው ልጅ በስልክ ዳንስ ያያል፣ የኔዋ የድሮ የጀርመን አውሮፕላን ታያለች። መጀመሪያ ጓደኛ ይዛ ነው ብዬ በትከሻዋ ላይ አሻግሬ አየሁ። ፂማም ፈረንጅ በጨርቅ ክንፍ ተንጠልጥሎ ከጉብታ ላይ ይዘላል። ይሄ ደሞ ማነው፣ ላንቺ አይሸመግልም ወይ ስላት ሳቀች። ከሞተ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል አለችኝ።

ሊሊየንታል ነው ስሙ። ክንፉን ከአኻያ ዘንግና ከጥጥ ጨርቅ ይሠራል፤ ከዛ አፈር አስቆልሎ ባሠራው ጉብታ ላይ እየሮጠ ይዘላል። አንዴ ሁለቴ እንዳይመስላችሁ፣ ሁለት ሺ ጊዜ ነው የምትለው። አንድ ቀን ነፋሱ አየር ላይ ቀጥ አደረገውና ወደቀ፣ በማግስቱ ሞተ። ሚስቱ ምን ትለው ነበር ብዬ ጠየቅኳት፤ እሱን አላነበብኩም አለች። ዋናውን ነገር ትተው ነው እንግዲህ የሚያነቡት።

ኤልቤን ያሳበዷት ግን ከሱ በኋላ የመጡት ናቸው። ርግብ የሚባል አውሮፕላን አለ፣ በነሱ ቋንቋ ታውበ። ያወጣው የኦስትሪያ ሰው ነው፣ በብዛት የሠሩት ግን ጀርመኖች ናቸው ትላለች። ክንፉም ጅራቱም የወፍ ነው። ያ የመጀመሪያው ትልቁ ጦርነት ሲጀመር የጀርመን ወታደር በሱ እየበረረ ጠላት የት እንደሰፈረ ያይ ነበር አሉ። ጨርቁ ስስ ስለሆነ ከፍ ሲል ከታች ላለ ሰው ቶሎ አይታይም። ቦምብም በእጅ እየያዙ ጥለውበታል። ርግብ ብለው ስም አውጥተው ቦምብ። እኔ ቁጭ ባልኩበት በነሱም ተናደድኩ። ኤልቤ፣ እማማ ያኔ አልተወለድሽም፣ ምን አገባሽ አለችኝ። ለመናደድ መወለድ አለብኝ እንዴ?

ይሄን ነገር ልንገራችሁ፣ በኋላ ስለሚመጣ። የርግቡ ክንፍ ጫፉ ላይ ይላላል። ከኋላው ወደ ላይ ቀለስ ይላል፣ ነፋስ ሲገፋው ይተጣጠፋል፣ ከዛ ራሱን ያቃናል። ነጂው ወደ ግራ ወደ ቀኝ መዞር ሲፈልግ ያንኑ ጫፍ በገመድ ስቦ ይጠመዝዘዋል። ሌላ መዞሪያ ክንፉ ላይ የለም። ያ የላላ ጫፍ ነው ሁሉ ነገሩ። ኤልቤ ይሄን ስትነግረኝ እጇን ዘርግታ ጣቶቿን ነበር የምታወዛውዘው። ፊደል በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩት ሴትዮ እንኳን ገባኝ።

መጋቢት ላይ ትምህርት ቤት ውድድር አለ ተባለ። ከየዞኑ አንድ ተማሪ ተመርጦ ክረምቱን አዲስ አበባ የአውሮፕላን ትምህርት ይማራል፣ ማደሪያውና ምግቡ በነሱ። አንድ ሰው ብቻ። የሠራችሁት ነገር ከአዲስ አበባ በሚመጡት እንግዶች ዓይን ፊት መሥራት አለበት፣ ሥዕል አይበቃም ተባለ። ኤልቤ የዛን ዕለት ምሳዋን አልበላችም። ርግቡን እሠራለሁ አለች፣ ሰው የማይይዝ፣ ሞተር የሌለው፣ ከዳገት ሲለቁት የሚንሳፈፍ።

አንድ ወር ሙሉ ሠራን። ሠራን ስል አልዋሽም፣ እኔም ሠርቻለሁ። ቀርከሃው ከቡሌ ደጋ መጣ። በምላጭ እየፋቀች የእንጨቱን ቆዳ እንደ ጥፍር አሳሳችው፤ እኔ ውሃ ውስጥ እየዘፈዘፍኩ በፍም ላይ አጎበጥኩላት። አቡጀዲውን ጓደኛዬ ሱራያ ከባሏ ከዘይኑዲን ሱቅ ቆርጣ ሰጠችን። ጀርመኖቹ ጨርቁን የሚወጥሩበት ቅባት ነበራቸው አለች ኤልቤ፤ እኛ ቡላ አለን አልኳት። ቡላውን አቅጥኜ እንደ ሙቅ ቀቅዬ ጨርቁ ላይ በእጄ ቀባሁት። ሲደርቅ ብትመቱት እንደ ከበሮ ይጮሃል። የጎረቤት ድመት አንዱን ጥግ ልሳ ስለጨረሰችው እንደገና ቀባሁ። ሲያልቅ፣ እኔ ተኝቼ እግሬን ብዘረጋ ክንፉ ከኔ ይረዝማል። ክብደቱ ደሞ የአንድ ዶሮ። ሳሎን ውስጥ አንጠለጠልነው፤ ሰው ሲመጣ አጎንብሶ ነበር የሚቀመጠው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ፣ ካልተናገርኩት ሌላው አይገባችሁም።

አንድ ረቡዕ ሱራያ ሱቅ ሄጄ ቁጭ አልኩ። ሱራያና እኔ ስንገናኝ ከተማው ውስጥ የሚተርፍ ሰው የለም። ያን ቀን የሰው ወሬ አለቀብንና የራሴን ቤት ወሬ አወጣሁ። የኤልቤ አውሮፕላን ክንፉ ጫፉ ላይ እንደ ደረቀ የእንሰት ቅጠል ተጠቅልሏል፣ ነካ ሲያደርጉት ይርገበገባል፣ ጀርመን ይሄን ይዞ ነው እንዴ ጦርነት የሄደው ብዬ አሳቅኳት። ሱራያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ዞር ስል መምህር ግዛቸው ሚስማር ሊገዛ ከኋላዬ ቆሟል። የኤልቤ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክለብ ኃላፊ እሱ ነው። ሰላም አለኝ፣ ሚስማሩን ይዞ ሄደ። እኔም ጀርባውን ሳይ ስለ ኮቱ ጀመርኩ። የዚህ ሰው ኮት ለሠርጉ የተሰፋ ነው፣ ሠርጉ ላይ እኔ ነበርኩ፣ ያኔም ይጠበው ነበር።

ሥራዎቹ ሐሙስ ዕለት ተሰብስበው ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ገቡ። ቁልፉ ግዛቸው እጅ ነው። ውድድሩ ቅዳሜ ጠዋት።

ቅዳሜ ሻሼን አስሬ፣ ጥሩ ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ። ዳሱ ስር እንግዶቹ ተቀምጠዋል። የነሱ አለቃ ኢንጂነር ሀኒ የምትባል ቀጠን ያለች ሴት ነች፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ዝም ብላ የምታይ። መጀመሪያ ማርቲ አቀረበች። ማርቲ የግዛቸው ሚስት የእህት ልጅ ነች፣ እነሱ ቤት ነው የምትኖረው። ከካርቶን ዲላን ሠርታለች፣ መንገዱ ላይ አምፖል ይበራል። ጥሩ ነው፣ አልዋሽም፣ ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። ግዛቸው ግን አጨበጨበ አይበቃም፣ ተነስቶ አጨበጨበ።

ከዛ ኤልቤ ርግቧን ይዛ ከአዳራሹ ወጣች። እኔ ከሩቅ ነኝ። ከግቢው ጥግ ወዳለው ዳገት ስትሄድ ቆመች፣ ክንፉን አገላበጠች፣ ወደ ግዛቸው ሮጣ ሄደች። ሲነጋገሩ አይሰማኝም። እሷ ራሷን ትነቀንቃለች፣ እሱ ሰዓቱን ያሳያታል። አንዴ ወደ እንግዶቹ ጠቆመ፣ አንዴ ወደ በሩ። በኋላ እንደነገረችኝ፣ እንዳለ ወርውሪው፣ አለዚያ ስምሽን እሰርዛለሁ ነው ያላት። ያሳደግኳት ልጅ ናት፣ መምህር ሲናገራት ቀና ብላ አታይም። ይሄን ያስተማርኳት ደሞ እኔ ነኝ።

ዳገቱ ላይ ወጥታ ሮጠችና ለቀቀችው። ሁለት ክንድ ያህል ሄደ። ከዛ በአንድ ጎኑ ጋደል አለ፣ ራሱን አላቃናም፣ ዝም ብሎ እንደ ሰሃን ተገለበጠና በአፍንጫው መሬት ገባ። ቀርከሃው ሲሰበር እኔ ያለሁበት ድረስ ተሰማ።

ሰው ሳቀ። ኤልቤ እዛው ዳገቱ ላይ ቆማ ቀረች። ግዛቸው ድምፅ ማጉያውን ይዞ፣ ተማሪዋ ጥሩ ሞክራለች፣ አሠራሯ ላይ ግን ክትትል ይጎድላታል፣ አስተሳሰሯ የላላ ነው፣ ለወደፊቱ ትማርበታለች፣ አለና የማርቲን ስም ሊጠራ ወረቀቱን ገለጠ።

እኔ ተነሳሁ። ምን ላደርግ እንደሆነ አላውቅም፣ ስብርባሪውን ላነሳላት ብቻ ነበር የሄድኩት። ጎንበስ ብዬ ክንፉን ሳነሳ እጄ ሽቦ ነካ።

እኛ ሽቦ አላሰርንም። በክር ነው ያሰርነው። ይሄ ግን የአልጋ ሽቦ ነው፣ ቡና የሚሰጣበት አልጋ የሚወጠርበት። ከክንፉ ጫፍ ተነስቶ ወደ ታች ወርዶ ሆዱ ላይ ታስሯል፤ ያ ወደ ላይ የሚቀለሰው ጫፍ ተስቦ፣ ተወጥሮ፣ ጣውላ ሆኗል። ቋጠሮውን አየሁት። ሦስት ጊዜ ተጠምዝዞ ጫፉ ወደ ኋላ ታጥፎ እንጨቱ ውስጥ ተቀብሯል።

እንዲህ የሚያስር በዚህ ምድር አንድ ሰው ነው። ወርቃ ቡና ማጠቢያ አሥራ አራት ዓመት ቡና ሳገላብጥ አልጋ የሚወጥርልን በቀለ ነበር። አልጋ የሚወጥር ሰው ሁሉ የራሱ አስተሳሰር አለው፤ እኛ ሴቶቹ አይተን ይሄ የእገሌ ነው እንላለን። በቀለ ድሮ ጫፉን ቆርጦ ይተወው ነበር። አንድ ቀን መዳፌን ከዚህ እስከዚህ ሰነጠቀኝ። የዛን ቀን የሰደብኩትን ስድብ ወርቃ እስካሁን አልረሳም። ከዛ ወዲህ ሁሌ ጫፉን ይቀብረዋል። ያንን ቋጠሮ ያስተማረው የኔ አፍ ነው ማለት ይቻላል።

በቀለ አሁን የሚሠራው የግዛቸው ወንድም ማጠቢያ ነው። ቀና ብዬ ሳይ አጥሩ ጋ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል።

ክንፉን ይዤ ወደ ዳሱ ሄድኩ። ግዛቸው መንገዴ ላይ ገባ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እናቴ፣ ይሄ የሳይንስ ነገር ነው፣ ይቀመጡ" አለኝ።

"ሳይንሱን ለነሱ ተወው። ይሄን ሽቦ ማን አሰረው?"

ሽቦ የለበትም እንዳይል በእጄ ነው። ልጅቷ ናት እንዳይል በቀለ እያየው ነው። ትንሽ ማስተካከያ ተደርጓል አለ። ተደርጓል። ራሱ ተነስቶ የታሰረ ይመስል።

በቀለን ጠራሁት። አልመጣም። እንደገና ጠራሁት፣ በእናቱ ስም ጨምሬ። መጣ። ዓይኑ መሬት ላይ ነው። "እትዬ ማንጠግቦሽ፣ እኔ አውሮፕላን አላውቅም" አለ። "ዓርብ መምህሩ ጠሩኝ፣ ክንፉ ላልቷል፣ አጥብቀው አሉኝ። እንደ አልጋ አጠበቅኩት።"

ምን ልበለው? አልጋ ከላላ ቡናው መሃል ላይ ይከማቻል፣ ይሻግታል። ዕድሜውን ሙሉ ማጥበቅ ነው ሥራው። ጨርቅ የተወጠረበት የላላ እንጨት ስጡት፣ ሌላ ምን ያደርጋል። እሱን አልተቆጣሁም። ግዛቸውን ነው።

ግዛቸው ግን ላቡን ጠርጎ ወደ እንግዶቹ ዞረና መምህር ሆነ። ጀርመኖቹ ራሳቸው ይሄን የላላ ክንፍ ትተውታል አለ። ጦርነቱ እንደጀመረ ዘገምተኛ ሆነባቸውና ለመለማመጃ አወረዱት፤ በዓመቱ ከብረት ድርቅ ያለ ክንፍ ሠሩ፣ የቆርቆሮ አህያ ይሉት ነበር፣ ወደፊት የሄደው እሱ ነው። ስለዚህ እሱ የልጅቷን ሥራ አሻሻለ እንጂ አላበላሸም። ደሞም፣ አለና ወደኔ ጠቆመ፣ "ክንፉ ተበላሽቷል ብለው ሱቅ ውስጥ ሲስቁ የነበሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ኤልቤ ከዳገቱ ወርዳ አጠገቤ ደርሳለች፣ ሰምታለች።

ልክድ እችል ነበር። ሱራያ አትመሰክርብኝም። ግን ያ ሰውዬ የኔን ሳቅ ይዞ የልጄን ክንፍ አስሮ፣ አሁን ደሞ በዛው ሳቅ ሊያመልጥ ነው።

"ስቄያለሁ" አልኩት። "እኔ ወሬኛ ነኝ፣ ዲላ ያውቀዋል። በአንተም ስቄያለሁ፣ በኮትህ። ኮትህን ግን መቀስ ይዤ አልመጣሁበትም። ልጅቷ እዚሁ ሰፈር ናት፣ ስልክ አላት፣ ለምን ተጠቀለለ ብለህ አንድ ጊዜ ጠየቅካት?"

ወረቀቱን ያገላብጥ ጀመር። ኢንጂነር ሀኒ ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ አፏን የከፈተችው። ግዛቸውን አላናገረችም። ኤልቤን፣ አንቺ ንገሪኝ፣ ለምን ነበር የተጠቀለለው አለቻት።

ኤልቤ ቀረብ አለች። ከዛ እጇን ዘረጋች፣ ቤት እንደምታደርገው። ብረቱ አህያ ሌላ ነው አለች፣ ሞተሩም አካሉም ድርቅ እንዲል ታስቦ ነው ከመጀመሪያው የተሠራው። ርግቡ ግን ጫፉ ቀለስ ብሎ ሲላላ ነው ሚዛኑን የሚጠብቀው፤ አንዱ ጎን ሲወርድ ጫፉ ተጣጥፎ ይመልሰዋል። ሲታሰር መመለሻ የለውም። "ሳልወረውረው እንደሚወድቅ አውቄ ነበር" አለች። ታዲያ ለምን ወረወርሽው ብላ ሀኒ ጠየቀቻት። ኤልቤ ግዛቸውን ሳታይ፣ ስምሽን እሰርዛለሁ ስላሉኝ ነው አለች።

ሀኒ ደብተሯን ዘጋች። ሽቦውን ብትፈቺው ይበራል ወይ አለች። ኤልቤ ስብራቱን አየች። በግራ በኩል ጫፉ ላይ ሁለት ቀርከሃ ተሰብሯል፣ አፍንጫው ተጨፍልቋል። አላውቅም፣ ልሞክር አለች። ግዛቸው ሰዓት የለም ሊል ሲጀምር ሴትየዋ፣ እኔ አለኝ አለች።

በቀለ ነው ፒንሳ ያመጣው። የቀበረውን ጫፍ እየነቀለ ሽቦውን ፈታ። እኔ ሻሼን አውልቄ ቀደድኩት፤ ኤልቤ የተሰበረውን በስንጥር ደግፋ በሻሹ ጠመጠመችው። ግራው ትንሽ ስለከበደ ቀኙ ላይም ያንኑ ያህል ጨርቅ ጠመጠመች። ጫፉን ለቀቅ ስታደርገው ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተቀለሰ። የዛን ጊዜ ያ የሳቅኩበት ነገር አምሮ ታየኝ።

ወደ ዳገቱ ወጣች። ባዶ ፀጉሬን ፀሐይ እየመታኝ ቆምኩ። ሮጣ ለቀቀችው።

ጋደል አለ። አሁንም ወደዛው ጎን ነው፣ ዓይኔን ልጨፍን ነበር። ከዛ ጫፉ ተጣጠፈ፣ እንደ ሰው መዳፍ አየሩን ተመረኮዘና ተመለሰ። ሄደ። በዳሱ ላይ አለፈ፣ እንግዶቹ አንጋጠው አዩት፣ በተማሪዎቹ ላይ አለፈ፣ አጥሩ ጋ ሲደርስ ደክሞት እንደመጣ ዘመድ ቀስ ብሎ መምህራን መፀዳጃ ቤት ጣሪያ ላይ ተቀመጠ።

ጩኸቱ ትምህርት ቤቱን ሊያፈርሰው ነበር። ግዛቸው አያፍርም፣ ቶሎ ብሎ ሀኒ ጎን ቆሞ፣ ክለባችን ነው፣ በኔ ክትትል ነው የተሠራው እያለ ነው። ሀኒ ብዕሯን ይዛ የማን ሥራ ብዬ ልጻፍ ብላ ጠየቀች። እኔ አፌን ስከፍት ኤልቤ እጄን ያዘችኝ። ጠበቅ አድርጋ ነው የያዘችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ መምህሯን አየችው።

"ሽቦው የሳቸው ነው" አለች። "ክንፉ የኔ ነው።"

ሀኒ ለክረምቱ ትምህርት የኤልቤን ስም ጻፈች፣ እስከ አያቷ ድረስ ጠይቃ። ግዛቸው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ወደ ቤት በባጃጅ መጣን። ርግቡ አልገባ ብሎ ግማሽ ክንፉ በአንዱ በር ወጥቷል፣ ግማሹ ጭኔ ላይ ነው። ኤልቤ ደስ ያላት መስሎኝ ልስማት ስል ፊቷን አዞረች። ሱቅ ውስጥ ምን ብለሽ ነው የሳቅሽው አለችኝ። ቃል በቃል ነገርኳት፣ የእንሰቱን ቅጠልም፣ ጦርነቱንም። ሰምታ የክንፉን ጫፍ በጣቷ ዳሰሰች። ከዛ፣ "እማማ፣ እሳቸው የሰሙት ካንቺ ነው። አንቺም አልጠየቅሽኝም" አለች።

  በግዛቸው ተናድጄ፣ በራሴ ተናድጄ፣ ክንፉን እንዳይሰበር ይዤ ተቀመጥኩ።

ባለባጃጁ በመስታወት እያየ ምንድነው ይሄ ነገር አለ። እኔ ልነግረው አፌን ከፈትኩና ኤልቤን አየኋት። ዘጋሁት። እሷ ነገረችው። የጀርመን ርግብ ነው፣ የሠራሁት እኔ ነኝ አለችው።

ሰውየው ሳቀ። ይሄ ጨርቅ ደሞ ይበራል እንዴ አለ።

እዚህ ላይ ግን ዝም አላልኩም። እስከ ቤታችን በር ድረስ ነገርኩት።